የኮንዶሚኒየም ኩሽና ሲንክ፦ የት ይቀመጥ? የትኛው ይገዛ?

አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም የተረከበ ሰው ኩሽናውን ለማሠራት ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሱቅ ነው። መርካቶ ይወርዳል፣ የሚያብረቀርቅ ባለ ሁለት ጉድጓድ ሲንክ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፣ ዋጋ ተከራክሮ ይገዛል። ከዚያ ቤት አምጥቶ «የት ይግባ?» ብሎ የቧንቧ ሠራተኛውን ይጠይቃል። ሠራተኛውም ዕቃው በፈቀደለት ቦታ ይገጥመዋል። ሽንኩርት መክተፊያ የማይተርፍበት ካውንተርና ትልቁን ድስት የማይቀበሉ ሁለት ጠባብ ጉድጓዶች የሚመጡት በዚህ መንገድ ነው።

እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። በጠባብ ኩሽና ሲንክ የሚወሰነው በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው የፍሳሽ መውረጃው ያለበት ቦታ፣ ሁለተኛው የቤቱ ትልቁ ድስት። የብረቱ ዓይነት፣ ቀለሙና የቧንቧው ቅርጽ ከእነዚህ በኋላ ይመጣሉ። ይህን ጽሑፍ ሜትርና እርሳስ ይዘው ኩሽናው ውስጥ ቆመው ቢያነቡት የበለጠ ይጠቅማል።

መጀመሪያ መውረጃውን ይፈልጉ

ንጹሕ ውሃ በግፊት ስለሚሄድ ወደ ፈለጉት ግድግዳ ይወሰዳል። ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ቀጭን የፒፒአር ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ መቅበር ከባድ ሥራ አይደለም። ፍሳሽ ግን በራሱ ክብደት ቁልቁል ብቻ ነው የሚሄደው። ለኩሽና ሲንክ የሚዘረጋው 50 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቧንቧ በየአንዳንዱ ሜትር ወደ 2 ሳ.ሜ እየወረደ መሄድ አለበት። ከዚህ ካነሰ ውሃው ቀስ እያለ ቅባቱንና የምግብ ፍርፋሪውን መንገድ ላይ ጥሎት ያልፋል።

ስሌቱን ይሥሩት። ሲንኩ ከዋናው መውረጃ ሦስት ሜትር ቢርቅ 6 ሳ.ሜ ዝቅታ ያስፈልጋል። በካቢኔቱ ጀርባ ግድግዳውን ታክኮ ከሄደ ይቻላል፤ ወለል ውስጥ ግን አይሞከርም። የኮንዶሚኒየም ወለል ሶሌታ ነው፣ ሥሩ ደግሞ የጎረቤት ጣሪያ። ሶሌታ ቦርቡሮ ቧንቧ መቅበር የሕንፃውን ብረት መንካት ነው፤ መጋጠሚያው አንድ ቀን ሲያፈስም ውሃው የሚታየው በእርስዎ ቤት ሳይሆን በታችኛው ቤት ኮርኒስ ላይ ነው። ስለዚህ ከመውረጃው እስከ ሲንኩ ያለው ርቀት ከአንድ ሜትር ተኩል ባያልፍ፣ መንገድ ላይም ከአንድ በላይ መታጠፊያ ባይኖር እመርጣለሁ። መታጠፍ ግድ ከሆነ አንድ የ90 ዲግሪ ኤልቦ ከማስገባት ሁለት የ45 ዲግሪ ማስገባት ይሻላል፤ ቅባት የሚከማቸው ስለታም መታጠፊያ ላይ ነው።

በረንዳውን ዘግተው ወደ ኩሽና የሚለውጡ ሰዎች ብዙ ናቸው። ቦታው ሰፊ መስሎ ይታያል፣ ወለሉም ላይ ዝግጁ መውረጃ አለ። ያ መውረጃ ግን ለዝናብ ውሃ የተሠራ ነው፤ የሚያደርሰውም ወደ ቦይ እንጂ ወደ ፍሳሽ መስመር አይደለም። የወጥ ቅባትና የሳሙና ውሃ እዚያ መልቀቅ ግቢውን ያገማል፣ ቦዩንም ይደፍናል። በረንዳ ላይ ሲንክ የሚቀመጠው እውነተኛ የፍሳሽ መስመር በበቂ ዝቅታ ሊደርስለት ሲችል ብቻ ነው።

ከመውረጃው አጠገብ የትኛው ቦታ?

መውረጃው ከተገኘ በኋላ በዙሪያው ሁለት ወይም ሦስት አማራጭ ይቀራል። እነሱን የማወዳድረው በእግር መንገድ ነው። በ1926 እ.ኤ.አ. ማርጋሬት ሹተ-ሊሆትስኪ የምትባል አርክቴክት ለፍራንክፈርት ከተማ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ስድስት ካሬ ሜትር ተኩል ገደማ የሆነ ኩሽና ነድፋ ነበር፤ የሥራው መነሻ የምታበስለው ሴት በቀን የምትሄደውን እርምጃ መቀነስ ነበር። የዛሬ የኮንዶሚኒየም ኩሽና ከዚያ ብዙ አይለይም፣ ጥያቄውም ያው ነው፤ ዕቃ ይዘን ስንት ጊዜ እንዞራለን?

በአንድ ግድግዳ ላይ ለተዘረጋ ኩሽና የሚሻለው ቅደም ተከተል ፍሪጅ፣ ሲንክ፣ መክተፊያ፣ ምድጃ ነው። አትክልቱ ከፍሪጅ ይወጣል፣ ይታጠባል፣ ይከተፋል፣ ወደ ድስቱ ይገባል፤ እጅ ወደ ኋላ አይመለስም። ከሲንኩ እስከ ምድጃው ያለው ባዶ ካውንተር ቢያንስ 60 ሳ.ሜ ይሁን፣ 90 ከተገኘ ደግሞ ትልቅ ዕድል ነው። በሌላው በኩል 45 ሳ.ሜ ያህል ቢተርፍ ያልታጠበው ዕቃ ይቀመጥበታል። ሁለቱንም ማግኘት ካልተቻለ የምድጃውን ጎን አያስነኩ። ያልታጠበ ሳህን ሲንኩ ውስጥ መቆየት ይችላል፣ ሽንኩርት ግን አየር ላይ አይከተፍም።

መስኮት ሥር ማስቀመጥ ብዙ ሰው ይወደዋል፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ብርሃን በቀጥታ እጅ ላይ ይወድቃል፣ እንፋሎቱም ይወጣል። ሁለት ነገር ግን አስቀድሞ ይፈተሽ። መስኮቱ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ረጅሙ ቧንቧ ያግደዋል። ደግሞም መስኮት ያለበት ግድግዳ ላይ የሳህን ማድረቂያ መስቀል አይቻልም፤ በጠባብ ኩሽና ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። መውረጃው መስኮቱ አጠገብ ከሆነ ይግቡበት፤ ለብርሃኑ ሲባል ፍሳሹን ሁለት ሜትር ተኩል መጎተት ግን አያዋጣም።

ማዕዘን ላይ የሚገባ ሲንክ በሥዕል ሲታይ ያምራል። «የሞተውን ጥግ ይጠቀማል» ይባላል፣ እውነትም አለው፤ ነገር ግን በየአቅጣጫው 90 ሳ.ሜ ያህል ካቢኔት ይበላል፣ ፊቱ የሚቆመውም አንድ ሰው ብቻ ነው። አንዷ ስታጥብ ሌላዋ እየከተፈች መርዳት አትችልም። ኤል ቅርጽ ባለው ኩሽና ሁለቱም ክንፎች ከሜትር ተኩል በላይ ከሆኑ ሊታሰብ ይችላል። ከዚያ ባነሰ ቤት ጥጉን ለጤፍና ለዱቄት ማስቀመጫ መተው ይሻላል።

ጎኑ ግድግዳ በሆነ ጫፍ ላይ ሲንክ መለጠፍ ደግሞ በስቱዲዮ ቤቶች በብዛት የሚታይ ነው። ችግሩ ክርን ነው፤ ድስት ሲፋቅ ክርን ወደ ጎን ይወጣል። ከጉድጓዱ ጠርዝ እስከ ጎን ግድግዳው ቢያንስ 20 ሳ.ሜ፣ ከተቻለ 30 ይተዉ፤ የታጠበ ዕቃ ማንጠፍጠፊያ ያለው ሲንክ ከሆነ ማንጠፍጠፊያው በግድግዳው በኩል ይዙር። ሲንኩና ምድጃው ትይዩ ግድግዳ ላይ ሲሆኑ መካከላቸው ያለው መተላለፊያ ከ90 ሳ.ሜ እስከ ሜትር ከሃያ ቢሆን ዞር ብሎ መሥራት ይመቻል። ያ መተላለፊያ ወደ በረንዳ ወይም ወደ መጸዳጃ የሚወስድ መንገድ ከሆነ ግን፣ ልጆች ባሉበት ቤት የፈላ ድስት ይዞ መሻገር አደጋ ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ግድግዳ ላይ ያድርጉ።

የምጣዱ ነገር

ከውጭ የሚመጡ የኩሽና ምክሮች ምጣድን አያውቁትም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት የሚስብ፣ በቤቱ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ከባድ ኃይል የሚጠይቅ ነው። ሶኬቱ ከሲንኩ ጠርዝ ቢያንስ 60 ሳ.ሜ ይራቅ፣ የራሱ መስመርና የመሬት ሽቦም ይኑረው። ሌላም አለ፤ የጋለ የሸክላ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲረጭ ሸክላው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ምጣዱ የሚቀመጥበት ቦታ ሳህን ከሚታጠብበት የውሃ ፍንጣቂ ውጭ መሆን አለበት። ቦታው በፍጹም ካልበቃ ምጣዱን ካውንተሩ ላይ አያስቡት፤ ጎማ ያለው ዝቅተኛ ጠረጴዛ አሠርተው የሚጋገር ቀን ማውጣት ይሻላል። ለምጣድ ቦታ ሲባል የሲንኩን ስፋት መቀነስ ግን የየዕለቱን ሥራ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ለሚሠራ ሥራ መሸጥ ነው።

አንድ ጉድጓድ ወይስ ሁለት?

ክርክሩ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው፣ የእኔም አቋም የጸና ነው፦ ለሲንክ ያለው ስፋት ከ1 ሜትር በታች ከሆነ አንድ ሰፊ ጉድጓድ ይግዙ።

የሁለት ጉድጓድ ደጋፊዎች የሚሉት ከንቱ አይደለም። በአንዱ በሳሙና ማጠብ፣ በሌላው ማለቅለቅ ውሃ ይቆጥባል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ቁጥሩን እንይ። ሱቅ ውስጥ 80 በ50 ተብሎ የሚሸጠው ባለ ሁለት ጉድጓድ ሲንክ የተለካው ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ ነው። ጠርዙና መካከለኛው ግንብ ሲቀነስ እያንዳንዱ ጉድጓድ 34 ወይም 35 ሳ.ሜ ስፋት ይቀረዋል። የበዓል ዶሮ ወጥ የሚሠራበት ድስት እጀታውን ሳይጨምር 40 ሳ.ሜ ሊሆን ይችላል። አይገባም፤ ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ገብቶ ነው የሚታጠበው፣ ውሃውም ወለል ላይ ይፈሳል። የምጣድ ክዳን፣ የሊጥ ባልዲና ትልቁ ትሪም እንዲሁ።

የ55 ሳ.ሜ አንድ ጉድጓድ ግን ድስቱንም ትሪውንም ያስገባል። ማለቅለቂያውን ደግሞ ክብ ወይም አራት ማዕዘን ሳፋ ውስጡ አስቀምጠው ያገኙታል፤ ሲፈልጉ ሁለት ጉድጓድ፣ ሲያነሡት አንድ ይሆናል። የለቀለቁበት ውሃም ሳፋው ውስጥ ስለሚቀር ለወለል መጥረጊያ ወይም ለመጸዳጃ መልቀቂያ ይውላል። ቋሚ ሁለተኛ ጉድጓድ ይህን አይሰጥም፣ ውሃውን ወደ ቧንቧ ብቻ ነው የሚያወርደው።

1 ሜትር ከ20 ወይም ከዚያ በላይ ያለው ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚያ ባለ ሁለት ጉድጓድና ማንጠፍጠፊያ ያለው ሲንክ መግባት ይችላል፣ ብዙ ቤተሰብ ላለበትም እመክራለሁ። አንድ ተኩል የሚባለው፣ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ጉድጓድ ያለው፣ በመሐል ይገኛል። ትንሹ ጉድጓድ ጎመንና ሰላጣ ለማጠብ ይመቻል፤ ትልቁ ግን ከ40 ሳ.ሜ ካላለፈ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ወደ ሱቅ ሲሄዱ የትልቁን ድስት ክዳን ይዘው ይሂዱ። ጉድጓዱ ውስጥ አጋድመው ያስገቡት፤ በዙሪያው የእጅ ማስገቢያ ክፍተት ከተረፈ ሲንኩ ለእርስዎ ነው።

ጥልቀቱ ከ18 እስከ 22 ሳ.ሜ ቢሆን ይበቃል። ከ15 ያነሰው ውሃ ይረጫል፣ ከ23 በላይ የሆነው ወገብ ያስጎነብሳል፣ ሥሩ ያለውን ካቢኔትም ይበላል። ከፍታውን ለማወቅ ቀጥ ብለው ቆመው ክርንዎን አጥፈው ከወለል ይለኩ፣ ከዚያ ከ10 እስከ 15 ሳ.ሜ ይቀንሱ፤ የካውንተሩ ከፍታ ያ ነው። አናጢዎች በልማድ ከ85 እስከ 90 ሳ.ሜ ይሠራሉ። ብዙ የምታጥበው ሰው ረጅም ከሆነች፣ ወይም ጉድጓዱ ጥልቅ ከሆነ፣ ወደ 90 ያስጠጉት።

ማንጠፍጠፊያው ካውንተር ላይ ወይስ ግድግዳ ላይ?

ከሲንኩ ጋር አብሮ የተሠራ ባለ ሸንተረር ማንጠፍጠፊያ ከ35 እስከ 45 ሳ.ሜ ካውንተር ይወስዳል። ሰፊ ቦታ ላለው ጥሩ ነው፤ ውሃው በራሱ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል፣ የካቢኔቱ እንጨትም ደረቅ ሆኖ ይኖራል። ቀኝ እጁን ለሚጠቀም ሰው ማንጠፍጠፊያው በግራ ቢሆን ይመቻል፤ ሳህኑን በግራ ይዞ በቀኝ ስለሚፈትግ ሲጨርስ ወደ ግራ ያኖረዋል።

ለጠባብ ቤት የምወደው ግን የፊንላንዶቹን ዘዴ ነው። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ማይዩ ጌብሃርድ የምትባል ሴት ከሲንኩ በላይ የሚሰቀል፣ ወለሉ ሽቦ የሆነ ካቢኔት አዘጋጅታ በአገሯ ቤቶች ሁሉ ተስፋፋ። የታጠበው ሳህን በቀጥታ እዚያ ይገባል፣ ውሃው ወደ ሲንኩ ይንጠባጠባል፣ ሳህኑም እዚያው ይኖራል፤ ማድረቂያውና መደርደሪያው አንድ ነው። ይህን ማንኛውም አናጢ ይሠራዋል። የላይኛውን ካቢኔት ታች ክፍት ትቶ የማይዝግ ሽቦ መደርደሪያ ማስገባት ነው። ከካውንተሩ በላይ 55 ወይም 60 ሳ.ሜ ከፍ ይበል፣ አለበለዚያ ግንባር ይመታል። እንጨቱ ቺፑድ (ከተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ የሚሠራው) ከሆነ ጠርዞቹ በሙሉ ይታሸጉ፤ ቺፑድ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ካበጠ አይመለስም።

ከምን የተሠራ?

ለአብዛኛው ቤት መልሱ ስቴንለስ ነው። ቀላል ነው፣ ብርጭቆ ቢወድቅበት ሁልጊዜ አይሰበርም፣ የፈላ ውሃ አይፈራም። ችግሩ ሁሉም ስቴንለስ አንድ አለመሆኑ ነው። 304 የሚል ቁጥር ያለው ወደ 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል ስላለው ዝገትን በደንብ ይከላከላል። 201 የሚባለው ኒኬሉ ተቀንሶ ማንጋኒዝ የገባበት፣ ርካሽና ቶሎ የሚበላሽ ነው። 430 ደግሞ ኒኬል የለውም ማለት ይቻላል።

ሻጮች ማግኔት አውጥተው «አይዝም፣ ኦርጅናል ነው» ይላሉ። ማግኔት የሚለየው 430ን ብቻ ነው፤ እሱ አጥብቆ ይይዛል። 201 እና 304 ግን ሁለቱም አይዙም፣ እንዲያውም ትክክለኛው 304 በታጠፈው ማዕዘኑ ላይ ትንሽ ሊስብ ይችላል። ስለዚህ ማግኔቱን ብቻ አይመኑ፤ የተቀረጸውን ቁጥር ይፈልጉ፣ ክብደቱን በእጅ ይመዝኑ፣ የጉድጓዱን ወለል በአውራ ጣት ይጫኑት። የሚረግብና እንደ ቆርቆሮ የሚንኳኳ ከሆነ ቀጭን ነው። ውፍረቱ በጌጅ ሲነገር ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብረቱ ይወፍራል፦ 18 ጌጅ 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ 22 ጌጅ ደግሞ 0.8 ገደማ ነው። ለቤተሰብ ቤት 18 ወይም 20 ይበቃል። ከሥሩ የጎማ ንጣፍ የተለጠፈበት ድምፁ ይቀንሳል፤ ስቱዲዮ ውስጥ አልጋው ከሲንኩ ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ስለሚሆን ይህን አይናቁት።

የስቴንለስ ጠላት በረኪና ነው። ሲንኩን በበረኪና ዘፍዝፎ ማሳደር ብረቱን በጥቃቅን ነጥቦች ይበሳዋል። ካስፈለገ አቅጥነው፣ ቶሎ በብዙ ውሃ ያለቅልቁ።

የግራናይት ውሕድ የሚባለው፣ ከተፈጨ ድንጋይና ከሬዚን የሚሠራው፣ ጥቁርና ግራጫ ቀለሙ ያምራል፤ ድምፅ የለውም፣ በቀላሉ አይጫርም። ዋጋው ግን ከፍ ይላል፣ ክብደቱም ጠንካራ ካቢኔት ይጠይቃል። በጥቁሩ ላይ የውሃ ነጭ ምልክት፣ በነጩ ላይ የእርድና የቡና ቀለም ይታያል፤ መካከለኛው ግራጫ ሁለቱንም ይሸፍናል። ነጭ የሸክላ ሲንክ ንጽሕናው ደስ ይላል፤ ነገር ግን ከባድ ነው፣ ብረት ድስት ቢወድቅበት ይሸረፋል፣ ጀበናና ስኒ ቢወድቅበት ደግሞ የሚሰበረው ጀበናው ነው። ቡና በየቀኑ በሚፈላበት ቤት አልመክረውም።

አገጣጠሙ

ሦስት ዓይነት አለ። በብሎኬት እግር ወይም በካቢኔት ላይ ሙሉ በሙሉ የሚቀመጠው፣ ራሱ ካውንተር የሚሆነው፣ ርካሹና ለመቀየር ቀላሉ ነው፤ ለሚከራይ ቤት ይሄ ይበቃል። ካውንተሩ ተቆርጦ ጠርዙ ከላይ የሚያርፈው ሁለተኛው ነው። በፎርማይካም በግራናይትም ላይ ይሄዳል፣ ጠርዙ የተቆረጠውን ይሸፍናል፤ ለብዙ ሰው የምመርጠው እሱን ነው። ሦስተኛው ከግራናይቱ ሥር የሚለጠፈው ነው። ፍርፋሪውን በእጅ ጠርጎ ወደ ጉድጓዱ ማስገባት ያስደስታል። ይህ ግን ለድንጋይ ብቻ ነው፣ ሲሊኮን ብቻውንም አይሸከመውም፤ ውሃ የሞላ ሲንክ ከ40 ኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል ከሥሩ ብረት ወይም እንጨት ድጋፍ ያሠሩለት። ድንጋዩ ሲቆረጥም በፊት በኩል ቢያንስ 6 ሳ.ሜ ይቅር። ቀጭን ከተተወ ሲጓጓዝ የሚሰነጠቀው እዚያ ላይ ነው።

ቧንቧውና ግፊቱ

ጣሪያ ላይ ሮቶ ባለበት ሕንፃ ግፊቱ በከፍታ ይወሰናል፤ በየ10 ሜትሩ ወደ 1 ባር ነው። ምድር ቤት ያለ ሰው ከ1 ባር በላይ ሲያገኝ፣ አራተኛ ፎቅ ያለው ሮቶው ሦስት ሜትር ብቻ ከላይ ከሆነ 0.3 ባር ይደርሰዋል። ተስቦ የሚወጣ መርጫ ያላቸው ቧንቧዎች በዚህ ግፊት ይንጠባጠባሉ እንጂ አይረጩም። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ ግፊት ያንብቡ፤ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ቀላሉንና ቀዳዳው ሰፊ የሆነውን ይምረጥ። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ቧንቧ ደግሞ የማገናኛው ጥርስ ከእኛው ቫልቭ ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ መቀየሪያ መኖሩ ሳይረጋገጥ ግድግዳው አይዘጋ።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ቤት ማጠራቀም አለበት። 200 ሊትር በርሜል ወደ 60 ሳ.ሜ ስፋት ይይዛል፣ ሲሞላም 200 ኪሎ ነው፤ ቦታውን ከሲንኩ ጎን አስቀድመው ይያዙለት። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲንኩ ውስጥ ቆሞ በቧንቧው ሥር አይገባም፤ ስለዚህ ከግድግዳው ላይ፣ ከወለል 60 ሳ.ሜ ከፍ ብሎ፣ ጎማ የሚሰካበት ሁለተኛ ቧንቧ ያስገጥሙ። ርካሽ ነው፣ ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ ግን ውድ ይሆናል።

ሌላው፣ ሲንኩ የትርፍ ውሃ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው። ውሃ ጠፍቶ ሳለ ቧንቧ ተከፍቶ ይረሳል፣ ሌሊት ሲመጣ ሳፋው ወይም መክደኛው መውጫውን ደፍኖ ከተገኘ ታችኛው ቤት ድረስ ይወርዳል። ወደ ሥራ ሲወጡ ሳፋውን አንሥተው ግድግዳ ላይ መስቀልን ልማድ ያድርጉ።

ከሥር ያለው

መውጫው 9 ሳ.ሜ ገደማ የሆነና የሚነሣ ማጥለያ ያለው ይሁን። በእኛ ኩሽና ቧንቧ የሚደፍኑት ሦስት ናቸው፦ ቅቤ፣ የቡና አተላና የሊጥ ዝቃጭ። የቀለጠ ንጥር ቅቤ ከወጥ ጋር ሲወርድ ውሃ ይመስላል፤ በአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ግን በቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ይረጋል፣ አተላውና ሊጡ ይጣበቁበታል። ድስቱን በወረቀት ወይም በተረፈ እንጀራ ጠርገው ይጠቡት፣ አተላውን ለአበባ ማሰሮ ይስጡት። የፈላ ውሃ በየጊዜው እየደፉ ለመክፈት መሞከር ደግሞ የፒቪሲ ቧንቧና የጎማ ማሸጊያ ያለሰልሳል፤ ለብ ያለ ሙቅ ውሃ ከሳሙና ጋር ይበቃል።

ሲፎኑ (ከሲንኩ ሥር የሚታጠፈው ቱቦ) በእጅ የሚፈታ፣ ለስላሳ የፒ ቅርጽ ያለው ቢሆን ይመረጣል። የሚተጣጠፈው ሽንሽን ቱቦ ለመግጠም ይቀላል፣ ነገር ግን እያንዳንዱ ሽንሽኑ ቅባት ይይዛል። ሲፎኑ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ሽታ እንዳይወጣ የሚዘጋው ነው። ቤቱ ለወራት ተዘግቶ የሚቆይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ባለቤቱ ውጭ አገር ከሆነ፣ ውሃው ይተንና ሽታው ቤቱን ይሞላል። አልፎ አልፎ አንድ ኩባያ ውሃ የሚደፋ ዘመድ ካለ ይበቃል።

ለማን የትኛው?

ለስቱዲዮ፦ 50 በ45 ወይም 60 በ50 የሆነ አንድ ጉድጓድ፣ ከላይ የሚያርፍ፣ 304 ስቴንለስ፣ ማንጠፍጠፊያው ግድግዳ ላይ። ባለ አንድና ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ እንጀራ ለሚጋግርና ለሚደግስ ቤተሰብ፦ የጉድጓዱ ውስጥ ስፋት ከ50 ሳ.ሜ በላይ፣ ቦታ ካለ ማንጠፍጠፊያ ተጨምሮ፣ ሁለተኛ የጎማ ቧንቧ ከበርሜል ቦታ ጋር። ለሚከራይ ቤት፦ ባለ ማንጠፍጠፊያ 100 በ50 በብሎኬት እግር ላይ፤ ተከራይ ሲቀየር የሚበላሽ እንጨት የለውም። ብዙ ለማያበስሉና ውበት ለሚወዱ፦ ግራጫ የግራናይት ውሕድ፣ ካቢኔቱ ክብደቱን ከቻለው።

የሠራተኛውን ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሲንኩን ይፈትሹ። ሲሊኮኑ ለአንድ ቀን ከደረቀ በኋላ ሲንኩን እስከ ትርፍ መውጫው ሞልተው ውሃው በዚያ በኩል መውረዱን ይዩ፣ ከዚያ መክደኛውን በአንዴ ያንሡት። ውሃው በሙሉ ኃይል ሲወርድ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በደረቅ ሶፍት ይንኩ፤ ሶፍቱ ከረጠበ እዚያው ይፈታና እንደገና ይታሰር። አናጢው የካቢኔቱን ጀርባ ሲዘጋም ሲፎኑና መዝጊያ ቫልቩ ፊት ለፊት የእጅ መግቢያ ያህል ክፍት ይተው።